እትዬ ዘይነባና የጆሮ ማዳመጫዬ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ቂሊንጦ ካለ አንድ ፋብሪካ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ገብቼ ከመቀመጤ ገመድ አልባውን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። ድሮ ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን ከሰው ጋር እሰማ ነበር። ስልኬ ላይ የራሴን ሙዚቃ መጫን ከለመድኩ ወዲህ ግን የሹፌሩ ምርጫ አይመጥነኝም ባይ ሆንኩ።

አጠገቤ የሚቀመጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ማሸጊያ ክፍል የሚሠሩ የወሎ ሴት። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በጎን አያለሁ። እኔም ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል፣ የምሰማ እንዲመስል ራሴን እነቀንቃለሁ። ጨዋነት መስሎኝ።

አንድ ቀን የማዳመጫው ቻርጅ መንገድ ላይ አለቀ። ከልማድ ሳላወልቀው ተቀመጥኩ። ከኋላ ያለች አዲስ ሠራተኛ ሰላም አለችኝ። መልስ ልሰጣት ስል እትዬ ዘይነባ ቀደሙኝ።

«አትድከሚ ልጄ፣ አይሰማም። ጆሮው ላይ የሰካው የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ እሱም የረዳው አይመስለኝም። ሲያወራ እንኳ ይጮኻል። በየሶላቴ ዱዓ አደርግለታለሁ።»

ፋብሪካው በር ስንደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ትከሻዬን የሚነካኝ፣ ሹፌሩም በእጁ ምልክት ሰላም የሚለኝ ለካ ለዚህ ነው።

ዝም ልል አሰብኩ። ዱዓው ግን ከበደኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ እሰማለሁ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከፊት የተቀመጠ አንዱማ ማጨብጨብ ጀመረ።

«የለም፣ ድሮም እሰማለሁ። ይሄ የሙዚቃ ነው» አልኩ ማዳመጫውን አውልቄ እያሳየኋቸው።

እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ታዲያ ያን ሁሉ ያጫወትኩህን ሰምተኸዋል? አይሰማም ብዬ እኮ ነው የልቤን ያወጣሁልህ።»

«አንዱንም አልሰማሁም እትዬ። ዘፈን ላይ ነበርኩ።»

መጀመሪያ እፎይ አሉ። ቆይተው ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «እንግዲያ ስለ ልጄ ሳለቅስ ራስህን ስትነቀንቅ የነበረው ለዘፈኑ ነው?»

አጎንብሼ ማዳመጫውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰርቪስ ላይ ማዳመጫውን ከቦርሳዬ አላወጣም። እትዬ ዘይነባ አልተቀየሙኝም። ዛሬም አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ሽንኩርት መወደድና ስለ ኮዬ ፈጬ መንገድ ያጫውቱኛል። ስለ ልጃቸው ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። እኔም ልጠይቃቸው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። አንዴ ነግረውኝ የለ፣ ምን ብዬ እጠይቃቸዋለሁ?