እስከ አርባው ያልተከፈተው ሻንጣ

ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ ኮንዶሚኒየሞቹ ገና ቀለም ሳይቀቡ ነው አስመረት ሱቋን የከፈተችው። ቧንቧ ትሸጣለች፣ ብሎን ትሸጣለች፣ ከሁሉም በላይ ግን ሮቶ፣ ያንን ጥቁር የውኃ ማጠራቀሚያ። ደንበኛ ዋጋ ሲሰብርባት «ወንድሜ፣ በዚህ ሒሳብ ከሰጠሁህ ውኃውንም ተሸክሜ እኔው ልሞላልህ ነው» ትለዋለች። ሰውየው ስቆ ይከፍላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ተስፋልደትን ያሳደገችውም ያስተማረችውም በዚሁ ነው።

ልጁ ምን ተማረ ብትሉ፣ ባሕር። ባሕር በሌለበት አገር ተወልዶ፣ ባሕር።

ባለፈው ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስ ሲመለስ፣ ሞምባሳ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ ውጭ አገር ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ ከማለፉ በፊት ጥቂት ቀን እናቱ ዘንድ አረፈ። ሳሊተ ምሕረት ባለው ቤታቸው እራት እየበሉ ነው።

«እስቲ በሰው ቋንቋ ንገረኝ፤ ምን ስትሠራ ከረምክ?» አለችው።

«እማ፣ ሮቶ ሲታጠብ ሥሩ ላይ የሚገኘውን ዝቃጭ ታውቂው የለ? ባሕርም እንደዚያ ነው። ላይ ላዩን ያሉ ደቃቅ ተክሎች ከአየር የገባውን ካርቦን ይመገባሉ። ሲሞቱ ፍርፋሪያቸው ካርቦኑን ይዞ ይሰምጣል። እኛ ስንቱ እንደሰመጠ ነው የምንለካው።»

«ሮቶ አጣቢ ለመሆን ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው?»

ሳቁ አፉ ውስጥ ያለውን ጉርሻ ሊያስተፋው ነበር። «ችግሩ ባሕር ገልብጠሽ አታጥቢውም። ስለዚህ ዘዴ አለ። ውኃው ውስጥ ዩራኒየም የሚባል ነገር ሟሙቶ ይኖራል፤ እሱ አይሰምጥም። ከእሱ ቶሪየም የሚባል ይወለዳል። ይኸኛው ውኃ ውስጥ መቆየት አይወድም፤ የሚሰምጥ ፍርፋሪ ሲያገኝ ተለጥፎበት ይወርዳል። ዩራኒየሙን አይተን ቶሪየሙ ምን ያህል መሆን እንደነበረበት እናውቃለን። ስንለካው ጎድሎ እናገኘዋለን። በጎደለው ልክ የሰመጠውን እናሰላለን።»

«እኔም ሱቄን የማውቀው በጎደለው ነው» አለች አስመረት፣ ነገሩ የገባት መስሏት ደስ ብሏት።

ተነሥቶ ከሻንጣው ትንሽ ሳጥን አመጣ። ውስጡ የጠርሙስ ክዳን የሚያካክሉ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል፤ በየፕላስቲኩ ላይ ስስ ወረቀት ተወጥሯል። የባሕሩን ውኃ አጥልለው ፍርፋሪውን ያስቀሩበት ነው።

«አይጎዳም?»

«ዓሣ የሚዋኝበት ውኃ ነው እኮ፣ እማ። በስሜ የሚወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ነው። ሰኞ ይዤው እበራለሁ።»

«ምን ያጣድፍሃል? ባሕሩ የትም አይሄድ።»

«ባሕሩ አይሄድም። ይሄ ግን ይሄዳል» አለና ሳጥኑን መታ መታ አድርጎ ወደ ሻንጣው መለሰው። እሷ የምታየው ትከሻው መክሳቱን ነበር።

እሑድ ጓደኛውን ሊጠይቅ ጎሮ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረባት ሚኒባስ ተገለበጠች። ሌሎቹ ተረፉ።

የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሣ ሰምሃር የምትባል፣ በመርከቧ ላይ አብራው የሠራች ልጅ መጣች። አልቅሳ ስታበቃ ከአስመረት እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ሬዲዮአክቲቭ የሚል ቃል ብታነሣ ለቀስተኛው በሙሉ እንደሚደነግጥ ስላወቀች፣ በትግርኛ እናቴ እያለቻት በሹክሹክታ «አደይ፣ ሻንጣው ውስጥ የሥራ ዕቃ አለ። ቢፈቅዱልኝ…» ብቻ አለች።

«አፈሩ ሳይደርቅ ሻንጣውን ልበርብር ነው የምትይኝ?»

«አይደለም አደይ፣ ጊዜው ነው…»

«ልብሱ ለነዳያን የሚሰጠው በአርባው ነው። ሻንጣውም ያኔ ይከፈታል። እስከዚያ የሚነካው የለም።»

ለማንም ያልነገረችው ሌላም ምክንያት ነበራት። ሻንጣው ውስጥ ያልታጠበ ሸሚዙ አለ። ዚፑ ከተከፈተ ጠረኑ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ አይመለስም።

ሰምሃር ተስፋ አልቆረጠችም። ከሱቁ ጎን ጨርቅ የምትሸጠውን የወሎዋን ነኢማን አግኝታ ሁሉንም አስረዳቻት። ነኢማም ለሐዘን ስትመጣ አስመረትን ለብቻዋ ያዘቻት።

«እቱ፣ ልግባበት አይባልም። ግን በእኛ የሟች አማና አያድርም፤ በእጁ የነበረ የሰው ነገር ቶሎ ይመለሳል። ልጅቷ ዕቃው በቆየ ቁጥር ይጠፋል ትላለች።»

«ተቆልፎ የተቀመጠ ነገር እንዴት ይጠፋል፣ ነኢማ? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው እኮ።»

ነኢማ ቁልፉን አየችው። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሣችውም።

በአርባው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አስመረት ሻንጣውን በገዛ እጇ ከፈተች። ሸሚዙን አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። ጨው ጨው፣ ትንሽም እሱን እሱን ይላል። ሌላው ልብስ ለነዳያን ተሰጠ። ሳጥኑን በሁለት እጇ ይዛ ለሰምሃር ሰጠቻትና «ይኸው፣ አንዲቱም አልጎደለችም» አለቻት። ሰምሃር አቅፋ ሳመቻትና በዚያው ሳምንት በረረች።

ከፋሲካ በኋላ ሳጥኑን ይዛ ወደ ሱቁ ተመለሰች። የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ቆጠርነው፣ አደይ። መሣሪያው ባዶ ወረቀት ሲሰጡት ከሚያሳየው አልተለየም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቶሪየሙ በሃያ አራት ቀን ገደማ ግማሹ ይጠፋል። የቀረው ደግሞ እንደገና ይገመሳል። ሲጀመርም ኢምንት ነበር።»

አስመረት የልጇ ጣቶች ሳጥኑን መታ መታ ሲያደርጉ ታዩዋት። ይሄ ግን ይሄዳል።

«እኔ እስከ አርባው ባልል ኖሮ ይደርስ ነበር?»

«አይ፣ አይ፣ ያኔም ቢሆን ላይደርስ ይችል ነበር፣ ወረፋው ብዙ ነው፣ መሣሪያውም ሰሞኑን ተበላሽቶ…»

«ሰምሃር።»

«አቤት።»

«ልጄም ሲዋሽ እንዲህ ይፈጥን ነበር።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «የሌሎቻችን ውጤት አለ» አለች። «እሱ የቀዳበት ቦታ ብቻ ነው ካርታችን ላይ ባዶ የሚቀረው።»

«ተመልሳችሁ አትቀዱም?»

«ሌላ ውኃ ነው የሚሆነው፣ አደይ።»

ሰምሃር ከሄደች በኋላ ነኢማ ብቅ ብትል፣ አስመረት ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሻንጣው ከተከፈተ ስንት ጊዜው፣ ቁልፉ ግን ዛሬም አንገቷ ላይ ነው።

«ተቆልፎ እንዴት ይጠፋል አልኩሽ አይደል?»

«እኔ የቱን አስታውሳለሁ» አለች ነኢማ። አንዲቱንም ቃል አልረሳችም። ባልዲውን ሳብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «የሮቶ ክዳን ይኖራል?» አለ።

አስመረት ቀና ሳትል ነኢማ መለሰችለት። «ዛሬ አይሸጥም፣ ወንድሜ። ነገ ብቅ በል።»