ከመብራቱ በላይ ያለው ሰማይ

አንድ ሰው ተወልዶ፣ ሠርቶ፣ አርጅቶ ሲያበቃ ሕይወቱ ተጠቅልሎ ምን ይወጣዋል? ዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ጥያቄ እያነሳን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከር ነበር። በኋላም የፍልስፍና አስተማሪ ሆኜ ጥያቄውን ለሌሎች ሳድል ኖርኩ፤ መልሱን ግን ለማንም አልሰጠሁም፣ አልነበረኝምና። ዛሬ አለኝ። ያገኘሁት ከእህቴ ባል ነው። እሱ እንደሰጠኝ አያውቅም ነበር፤ ቢያውቅ ኖሮ ይስቅብኝ ነበር።

የመንገድ መብራት ጠጋኝ ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ አምፖል» ይለዋል። ለቅጽል ስሙ ሁለት ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ሥራው፣ ሌላው ገና ጎልማሳ ሳለ ሙልጭ ብሎ የተመለጠው ራሱ። «ሻማ ካላላችሁኝ ምን ቸገረኝ፣ ሻማ ያልቃል» እያለ አብሮ ይስቅ ነበር። ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። አምፖል ቀይሮ ከመሰላሉ ሲወርድ እንደ ባልደረቦቹ ዕቃውን ሰብስቦ እብስ አይልም። ምሰሶው ሥር ወዲያና ወዲህ ይራመዳል፣ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጥላውን ያያል። ሲቀርብ ጥላው አጥሮ ጫማው ሥር ከገባ፣ ሲርቅ ደግሞ ሳይደበዝዝ ከተዘረጋ «በቃ፣ በርቷል» ይላል። ሌላው ሰው መብራት ለማየት ቀና ይላል፤ እሱ አጎንብሶ ነበር የሚያየው።

እሱና እህቴ እንደተጋቡ የተከራዩት ከአንዲት ፀጉር ቤት በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ እዚያው ልጃቸውን አሳደጉ፣ እዚያው አረጁ። ያኔ መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከእራት በኋላ ክፍሉ ስለሚሞቅ በብረቱ ደረጃ ወደ ዝርጉ ጣሪያ ይወጡና ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩ ትንንሽ ኮከቦች አሉ፤ እኔና እህቴ ልጆች ሳለን አባታችን ሰባት ናቸው ብሎ ያሳየን። ብዙ ሰው ስድስት ነው የሚቆጥረው። እኔም ስድስት፣ ባሏም ስድስት። ሰባተኛዋን የምታያት እሷ ብቻ ነበረች፤ ዓይኗ መርፌ ነበር። «እዚያ ጥግ ላይ፣ አፍራ የተቀመጠችው» ትላለች። እኛ አፍጥጠን አፍጥጠን እጅ እንሰጣለን።

በዚያን ዘመን እህቴ ስልክ ቤት በማታ ተራ ትሠራ ነበር። በጨለማ መንገድ ብቻዋን መመለሷ ባሏን እንቅልፍ ነሳው። አለቃውን ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ ተከራክሮ የሰፈሩን የመጀመሪያ መብራት በራቸው ፊት ለፊት አስተከለ። ምሰሶውን ያቆመው፣ አምፖሉን ያሰረው፣ ሥሩ ተመላልሶ ጥላውን ያየው ራሱ ነው። የዚያን ዕለት እህቴ ስትመለስ መብራቱ ሥር ቆሞ ጠበቃት። አንዲት ሴት ከባሏ ብዙ ዓይነት ስጦታ ልትቀበል ትችላለች፤ ደጅዋን በብርሃን ያጠበላት ግን ብዙ አላውቅም።

ብቻ ከዚያ ማታ ወዲህ ከጣሪያቸው ላይ ኮከብ መታየት ቀረ። አንዱ መብራት ሌላውን እየጠራ መንገዱ ሁሉ በራ። እህቴ አላማረረችም፤ ነገሩን ቀልድ አደረገችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኸ ሰውዬ መንገድ ሰጥቶኝ ሰማይ የወሰደብኝ ነው» ትላለች፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ይስቃል። ዓመታት በዚህ ቀልድ አለፉ።

ጡረታ ወጣ። የእህቴም ጉልበት ከዳት፤ ከወንበሯ ተነስታ አልጋዋ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ ትይዛለች። ጣሪያው የማይታሰብ ሆነ። ማታ ማታ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ከዚያ የሚታያት ያው የበሯ መብራት ነው። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ እንደ ወትሮው ሳትስቅ፣ «ሰባተኛዋን አንዴ ሳላያት መሞት ደስ አይለኝም» አለች። ባሏ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የተበላሸ ነገር አለ ተብሎ ሲነገረው የሚያሳየው ፊት ነበር።

ፋርማሲስት የሆነችው ልጃቸው አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለአባቷ ሰጥታው ነበር፤ ጥጉ ትንሽ የተሰነጠቀ ስማርት ስልክ። ይኸ ካሜራ ሰማይም ያነሳል ስትል ሰምቷል። በማግስቱ እንደመሸ ጣሪያው ላይ ወጣ። ይዞት የወረደው ፎቶ ነጭ ጉም ነበር፤ ፍላሹ ብልጭ ሲል ያበራው አቧራና የበራሪ ነፍሳት መንጋ። ይህን ሲያይ ምን እንዳሰበ ገምቱ፤ መብራቱ አነሰ ብሎ አሰበ። ዕድሜውን ሁሉ የማይታይ ነገር የሚታየው ሲበራለት እንደሆነ አምኖ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ የሥራ ዘመኑን ትልቅ የእጅ ባትሪ ከሳጥን አውጥቶ ጣሪያው ላይ ተሸክሞ ወጣና ወደ ኮከቦቹ ደግኖ ቆመ።

ከታች ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ስትዘጋ አየችው።

«ጋሽ አምፖል! ሰማይም ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ ትንሽ ደክሟል» አላት፣ ባትሪውን ሳያወርድ።

ልጁ መጥታ ስታየው ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኋላ ግን አጠገቡ ተቀምጣ በትዕግሥት አስረዳችው። «አባዬ፣ ኮከቦቹ የራሳቸው አላቸው። አንተ ጨለማውን ብቻ አትንካባቸው።» ይህቺን ነገር ደጋግሞ ሲላት ሰምቼዋለሁ፣ እንደ እንግዳ ቋንቋ። ከዚያ ፍላሹን ማጥፋት፣ የሌሊቱን ምልክት መጫን፣ ስልኩ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ራሱ እንዲያነሳ ማድረግ አስተማረችው፤ ጣት ሲነካው ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥ ኮከቡ ትል ይመስላል። የስልኩን ማቆሚያ ከአሮጌ የመብራት ቆብና ከስፖንጅ ራሱ ሠራ። ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲሠራ ብታዩት ጡረታ ወጣ አትሉትም ነበር።

ጎረቤት ያለ ሹፌር ወዳጁ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሜዳ ወሰደው። ያመጣው ፎቶ እኔንም አስደነቀኝ፤ ስልኩ ሙሉ ኮከብ ነበር። ለእህቴ ሰጣትና ከፊቷ ቆመ። መነጽሯን ጠረገች፣ ምስሉን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች ብዙ አየች።

«ቆንጆ ነው። የማን ሰማይ ነው?»

«እንዴት የማን? ሰማይ ነዋ፣ እሜቴ።»

«ጣሪያችን የታለ? ታንከሩ የታለ? ይኸ የሰው ሰማይ ነው። እኔ የጠየቅኩህ የወሰድክብኝን ነው።»

ሰማይ አንድ ነው፣ ባለቤት የለውም ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «አንተ ዝም በል፣ ስድስት ነው የምትቆጥረው» አለችኝ።

እሱ አልከፋውም። እንዲያውም ጨዋታው የጣመው ያኔ ነው። የገዛ ጣሪያውን እንደ ሥራ ቦታ ያጠናው ጀመር። የመንገዱ ብርሃን የማይደርስበትን ቦታ ፈልጎ ከታንከሩ ጀርባ አገኘ። ስልኩን እዚያ በጀርባው አስተኛ፣ ዙሪያውን ጥቁር በተቀባ ካርቶን ከለለ፣ የታንከሩ ጠርዝ በምስሉ ጥግ እንዲገባ አደረገ። በደረቁ ወቅት፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር፣ እራት ሳይቀርብ ወጥቶ ያነሳል። መጀመሪያ ሁለት ኮከብ አመጣላት፤ ቆይቶ አራት፤ በመጨረሻ ስድስት። እህቴ በጣቷ ቆጠረች። ታንከራቸውን ስታይ ፈገግ አለች። «ተሻሽለሃል፤ ሰባተኛዋን ግን መብራትህ ውጧታል።»

«ገና ነው እሜቴ፣ ይተፋታል» አላት። ስለ ውጤቱ ጥርጥር አልነበረውም።

ያቺን ለማውጣት አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶታል፤ የበሩ መብራት ለአንድ ፎቶ ያህል ይጥፋ። ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለው፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ራሱን አከከ። መብራት አብሩልን እንጂ አጥፉልን የሚል ሰው መጥቶበት እንደማያውቅ፣ ቢፈቅድ ነገ ሌላው ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ እንደሚመጣ ነገረው። የማዕዘኑ ባለ ሱቅ «ለደቂቃ ነው ትለኛለህ ጋሼ፤ ሌባስ ከደቂቃ ሌላ ምን ይፈልጋል?» አለው። ፀጉር ሠሪዋ ልጇ ከማታ ሥራ የምትመለሰው በዚያው መንገድ እንደሆነ አስታወሰችው። ይህን ስትለው ራሱን ነቀነቀ፤ መብራቱን ያስተከለበት ምክንያትም ይኸው ነበርና።

«ሁሉም ልክ ናቸው» አለኝ ሲመለስ። «እኔም ብጠየቅ እምቢ ነበር የምለው።»

የመንገዱ መብራት መቆጣጠሪያ ሳጥን ቁልፍ ከቤቱ ቁልፍ ጋር እስከ ዛሬ ተንጠልጥሎ ነበር። ታዲያ ለምን አንድ ማታ ራስህ አታጠፋውም አልኩት፣ ማን ያውቃል?

«ያንን ሳጥን ስከፍት የኖርኩት ለማብራት ነው፣ ጋሼ። ለማጥፋት ከከፈትኩትማ ባለ ሱቁ የሚፈራው ሌባ እኔው ነኝ።»

አሁን መልሴን ወዳገኘሁባት ማታ ደርሻለሁ። እህቴ ቤት ነበርኩ፤ ገና መምሸቱ ነው፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ መስታወት ጠርቷል። ድንገት ከውጭ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና መንገዱ ጨለመ። የእኛ መንገድ ብቻ። ከታች የፀጉር ሠሪዋ ድምፅ መብራት ጠፋ እያለ ወደ ላይ መጣ። እህቴ በዚያ ጉልበቷ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

«አንተ ሰውዬ! ስልክህን! ቶሎ ወደ ላይ!»

እሱ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እግሩ ደረጃው ላይ ሲሮጥ ሰማን፤ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አልነበረም። በመስኮት ስናይ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ በካቻቪቴው ይጎረጉራል። እህቴ ጠራችው። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ አፉ እንደተያዘ። እንደገና ጠራችው። ሁለታችንም ብንጮህ የሚሰማ አልነበረም። አዲስ ፊውዝ ከኪሱ አወጣ፤ ጡረታ የወጣ ሰው በኪሱ ፊውዝ ይዞ ምን ይሠራል ብላችሁ አትጠይቁኝ። መብራቱ ቦግ አለ። በየበሩ የቆመው ሰው መረቀው። እሱም ምሰሶው ሥር ወዲያና ወዲህ ተራመደ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥላውን አየ፣ «በቃ፣ በርቷል» አለ።

ከዚያ ቀና አለ። መጀመሪያ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ እኛ መስኮት። መላጣው በራሱ መብራት እያበራ፣ አፉን ከፍቶ ቆመ።

እህቴ ክንዴን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እያለከለከ ሲገባ «እግሬ ነው የወሰደኝ» አላት፤ ሌላ ማስረጃ አላቀረበም።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔም ያገባሁት ያንን እግር ነው።»

መልሴ ይኸው ነው። የሰው ሕይወት ድምር የተመኘው አይደለም፣ የተናገረውም አይደለም፣ ስለ ራሱ ያመነውም አይደለም። ጨለማ ድንገት ሲወርድ፣ ሳያስብ፣ እግሩ የሚወስደው ቦታ ነው። ስንት መጽሐፍ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ይህን ስጽፍ አላመነታም።

በቀጣዩ ዓመት ታመመ። ሆስፒታል ሳለ እኔን፣ ልጁንና የቅርብ ጎረቤቶቹን አልጋው ዙሪያ ሰብስቦ አንድ ነገር ለመነን። የተቀበረ ዕለት፣ እንደመሸ፣ የበሩ መብራት ይጥፋ። ስልኩን ልጁ ከታንከሩ ጀርባ ታስቀምጠው። ፎቶው እስኪነሳ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይብራ። ሁላችንም እያለቀስን እሺ አልን፤ ባለ ሱቁ ጭምር።

የቀብሩ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መንገዱ ግን እስከ ማዕዘኑ ድረስ በወንበርና በሰው ሞልቷል። ባለ ሱቁ ለሟቹ ክብር ብሎ ከሱቁ ሽቦ ስቦ ረድፍ ሙሉ አምፖል ሰቅሏል። የድሮ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኞች ልኮ የበሩን አሮጌ መብራት በአዲስ፣ ነጭ፣ እጅግ በደመቀ መብራት ቀየረለት። ተነሥቼ ኑዛዜውን አስታወስኳቸው። ፀጉር ሠሪዋ ኀዘን ራሴን የመታኝ መስሏት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ የጋሽ አምፖል ቤት በዛሬው ቀን በጨለማ ይዋጥ እንዴ አለች፣ ሰዉም ልክ ነሽ አላት። ልጁ ስልኩን እንደያዘች የብረቱ ደረጃ ላይ ቆማ ቀረች። እህቴ መስኮቷ አጠገብ ነበረች።

«ለአንድ ፎቶ ያህል ብቻ አጥፉልኝ፤ ለእሜቴ ነው» ነበር ያለን። ያጠፋለት አልተገኘም።