የታቀፈችውን ዶሮ ያስነሳ ደወል

ስለ ወንድሜ ሚስት ስለ ጆምሱን ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው። የንጉሡን ፈረስ ልጓም ይዛ አስቆመች ይላሉ፤ አልያዘችም። ጌታ ኦምን በጥፊ አጠናገረችው ይላሉ፤ ብታደርገው ደስ ባለኝ፣ ግን አላደረገችውም። አብሬያት የነበርኩት እኔ ቡንሬ ነኝ፤ ስለዚህ ከኔ ስሙ።

ወንድሜ ማንሶክ በአንሶንግ ገበያ የታወቀ ደወል ሠሪ ነበር። እንደ ሰፌድ ክብ የሆነውን፣ በዱላ የሚመታውን የነሐስ ደወል ነው የሚሠራው። ዕድሜውን በሙሉ ወናፍ ሲያናፋ ኖሮ ሳል ገደለው። ከመንደራችን ጀርባ ካለችው፣ ከአያቶቻችን ከወረስናት ኮረብታ ላይ ቀበርነው። ጆምሱን ልጅ አልነበራትም፤ የነበራት ያ መቃብር ነው። ሳሩን ታጭድለት፣ የሩዝ ጠላ ታፈስለት፣ የገበያውን ወሬ ታወራው ነበር። ስትሞት ከጎኑ ልትተኛ ቦታዋን በድንጋይ ምልክት አድርጋበት ነበር።

የአገራችን ባላባቶች የኦም ቤት ሰዎች ናቸው። ግብር አይከፍሉም፣ አይዘምቱም፤ እኛ ግን በደጃቸው ስናልፍ አንገታችንን እንደፋለን። ሽማግሌው ኦም ሲሞቱ ልጃቸው የመቃብር ቦታ የሚመርጥ አዋቂ አስመጣ። አዋቂው አገሩን ሲዞር ውሎ የኛ ኮረብታ ላይ ቆመ።

«ይቺ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ናት» አለ። «ከክንፏ ሥር የተቀበረ ሰው ዘሩ ከሹመት አይወርድም።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ጠዋት ስንነሳ ከማንሶክ ራስጌ በላይ አዲስ ጉብታ ተቆልሎ አየን። ባላባት ከተቀበረ ደግሞ ከመቃብሩ ቁልቁል ያለው መሬት የሱ ይሆናል። የሰው መቃብር የነካ አንገቱ ይቀላል፤ ስለዚህ አንዴ ከቀበሩ ማን ይነቅላቸዋል?

ልጁ ጌታ ኦም ፒፓውን እያጨሰ መጣ።

«ጆምሱን፣ ሰውዬሽን እስከ መኸር አንሺው። ከአባቴ እግር ሥር ነሐስ ቀጥቃጭ አይተኛም።»

«ጌታዬ፣ ባሌ ቀድሞ ነው የተኛው። እርስዎ ነዎት አባትዎን አምጥተው ራሱ ላይ ያስቀመጡበት።»

«አፍሽን ያዢ።»

«ይዤው ነው የኖርኩት።»

ወደ አውራጃው ገዥ ሄድን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የኛው ገዥ የሚቆጨው ነገር አልነበረም። የኦሞች አማች ነው። አቤቱታችንን ሰምቶ ሳይጨርስ አስወጣን። ደጅ ላይ ጌታ ኦም ቆሞ ይስቃል።

«ደግሞ ወዴት ልትሄጂ ነው? ንጉሡ ዘንድ?»

«እግሬ አልተሰበረም» አለችው።

«ንጉሡ ሩቅ ናቸው። እኔ ቅርብ ነኝ።»

ይህን ባይላት ኖሮ ምናልባት ትተወው ነበር። ቤት ገብታ ወንድሜ መጨረሻ የሠራውን ደወል ከግድግዳው አወረደች። ነገሩ ገባኝ። ንጉሡ የአያቶቻቸውን መቃብር ሊሳለሙ ሲወጡ የተበደለ ሰው መንገዳቸው ዳር ደወል ከመታ አቤቱታውን ሊሰሙት ግድ ነው። ግን የንጉሥ መንገድ አውከሃል ተብሎ መጀመሪያ ይገረፋል። ይህን የማያውቅ የለም።

«እትዬ፣ ይገርፉሻል እኮ» አልኳት።

«ያለ ዱላ የጮኸ ደወል አይተሻል? ይልቅ ስንቅ ቋጥሪ።»

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ። እኛ ንጉሥን አልከሰስንም፤ ንጉሡ ዘንድ ከሰስን። ንጉሡ በሚወጡበት ቀን መንገዳቸው ዳር ደርሰን ጠበቅን። ባንዲራው አለፈ፣ ፈረሰኛው አለፈ፣ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሰዎች የተሸከሙት፣ ድንኳን የመሰለው የንጉሡ መቀመጫ ብቅ ሲል ጆምሱን ተነስታ መታችው። እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ፈረሶቹ ደነበሩ፣ ወታደሮች ጠልፈው ጣሏት። ወዲያው ጎትተው ገረፏት። አለቀሰች፣ እውነቱን ልናገር። ግን ምሕረት አልለመነችም። «ደወሉን እንዳትሰብሩብኝ» ነበር የምትለው። እኔ ወታደሩን ብነክሰው ምንኛ በወደድኩ።

ከዚያ ጸሐፊ መጥቶ ቃሏን ተቀበለ። ውሎ አድሮ ትእዛዝ ወጣ፤ ኮረብታው የማንሶክ ወገን ነው፣ ኦም አባቱን ያንሳ። ንጉሡ ለኛ ፍቅር ብለው ብቻ የፈረዱልን አይመስለኝም። ባላባቱ እሳቸውንም ያንቃቸው ነበር፤ ጆሮውን የሚቆነጥጡበት ሲያገኙ ለምን ይለፋቸው? ይሁን፣ ፈረዱልን።

ጌታ ኦም ትእዛዙን ተንበርክኮ በሁለት እጁ ተቀበለ። ተነሳና፦ «የንጉሥ ቃል ከራሴ በላይ ነው። መቃብር ግን ያለ መልካም ቀን አይነሳም። አዋቂው መልካም ቀን ሲያገኝ እናነሳለን» አለ።

በመኸር ቀኑ ክፉ ነው አለ። በክረምት መሬቱ በረዶ ሆነ። በጸደይ ደግሞ ኮከቡ እምቢ አለ። ገዥው ዘንድ ስንሄድ «ቀን እየፈለጉ ነው፤ ምን ላድርጋችሁ?» ይለናል። የባላባት ታዛዥነት እንዲህ ነው፤ ራሱ ይሰግዳል፣ እግሩ ንቅንቅ አይልም። እኛ መቃብሩን እንዳንነካ አንገታችን አለ። የጆምሱን ጀርባ ጠባሳ ይዞ ዳነ፤ ሽማግሌው ኦም ግን አሁንም ከወንድሜ ራስ በላይ ናቸው። መንደሩም «ተይው በቃ» ይላት ጀመር።

አንድ ቀን ቤቴ ቁጭ ብላ ሳለ የድስት ክዳን ከእጄ አመለጠኝ። ጥግ ላይ የታቀፈችው ዶሮዬ በርግጋ ወጣች፤ አልመለስም አለች፣ እንቁላሎቹ ቀዘቀዙ። እኔ እረግማለሁ፣ ጆምሱን ግን ሳቀች። ከተገረፈች ወዲህ ስትስቅ የዚያን ቀን ነው ያየኋት።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ደወሏን ይዛ ኮረብታው ላይ ወጣች። ባሏ መቃብር ላይ ተቀመጠችና ትመታው ጀመር። ጌታ ኦም ባርኔጣውን አጣሞ እያለከለከ ደረሰ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለባሌ እያለቀስኩ ነው ጌታዬ። ደወል ሠሪ ነበር፣ በደወል ነው የሚለቀስለት።»

«ዶሮዋ ትነሳለች። የቤቴን ዕድል ልታጠፊ ነው?»

«የቷ ዶሮ? እኔ ባሌ መቃብር ላይ ነኝ። ንጉሡ ያንቺ ነው ያሉኝ ቦታ ነው።»

«አቁሚ ብዬሻለሁ።»

«እሺ፣ አቆማለሁ። ብቻ መልካም ቀን ላግኝ።»

ፊቱ ደም መሰለ። ሊመታት እጁን አነሳ፤ ከታች መንደሩ በሙሉ ሥራውን ጥሎ ያይ ነበር። እጁን መለሰው።

ጆምሱን በየማለዳው ወጣች። ስትታመም እኔ ወጣሁላት፤ ክንዴ እስኪዝል ነው የምመታው፣ እንዴት ደስ እንደሚል። በዚያው ዓመት የኦም ልጅ የሹመት ፈተና ወደቀ። ሰነፍ ስለሆነ ነው የወደቀው፤ አዋቂው ግን «ዶሮዋ ጎጆዋን ጥላለች» አላቸው።

አባታቸውን ሊያነሱ ሲመጡ ዶፍ ይወርድ ነበር። ስለ መልካም ቀን ያነሳ አልነበረም። አስከሬኑ ሲያልፍ ጆምሱን ደወሏን አስቀምጣ አንገቷን ደፋች።

«ለነሱ ትሰግጃለሽ?» አልኳት።

«ሽማግሌው ምን አደረጉኝ? ተሸክመው ነው ያመጧቸው» አለች።

አሁን እሷም ምልክት ካደረገችበት ቦታ ከባሏ ጎን ተኝታለች። ከራሳቸው በላይ ሳር ብቻ ነው ያለው። ደወሉ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከኦም ቤት አንድ ሰው ቀና ብሎ ኮረብታችንን ካየ፣ አወርደዋለሁ።