የእትዬ ብርዝ

የስሜት ሥልጠና ልትሰጠን የመጣችው ልጅ ከመጨረሻ ልጄ ጋር እኩያ ናት። ኩላሊታችን በማሽን በሚታጠብበት ክፍል፣ ክንዳችን በቱቦ ተይዞ የትም መሸሽ እንደማንችል አውቃ ነው መሰለኝ፣ ወንበር ስባ መሀላችን ተቀመጠች። እኔ እዚሁ ጎንደር ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ይግዛ አይግዛ ከፊቱ አነባለሁ። ስለ ስሜት ምን ልታስተምረኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ያስገለጠኝ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው። ሰው ቤት ሄዳችሁ ጠጡ ስትባሉ ምን ታደርጋላችሁ አለችን።

ይኼ ለእኛ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኩላሊታችን ውሃ ስለማያወጣ፣ የጠጣነው ሁሉ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ ሰውነታችን ውስጥ ይከማቻል። ባለፈው ዒድ ቆላ ድባ ታላቅ እህቴ ቤት ሄጄ፣ የማር ብርዙን በላይ በላዩ ስትቀዳልኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ ጠጣሁ። በማግስቱ እግሬ አብጦ፣ ትንፋሼ አጥሮ፣ ጋደም ማለት እንኳ ተስኖኝ በማኪና ሐኪም ቤት አደረሱኝ። እትዬ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ግን ዶክተሮች ነገር ያበዛሉ ባይ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ የእሷን እጅ መመለስ አላውቅበትም። አረፋ ደግሞ እየቀረበ ነበር። እንደ ዒዱ ከጠጣሁ ላልመለስ እንደምችል ሐኪሙ ሳያለሳልስ ነግሮኛል።

ከጎኔ ያሉት የጭልጋ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ጠላ ሲቀርብላቸው ጋባዡ ዞር እስኪል ጠብቀው መሬት ላይ እንደሚያፈሱት ነገሩን። ችግሩ፣ ጋባዦቹ ባዶውን ዋንጫ ሲያዩ ሸጋ ጠጣ ብለው መልሰው ይሞሉታል አሉ። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

ልጅቱ እንለማመድ አለች። አያ ጋባዥ፣ እኔ እንግዳ ሆንን። አያ ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ አንስተው «አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያሉ ሲለምኑኝ የእውነት ቤታቸው የገባሁ መሰለኝ። ያልታሰረው እጄ ሳላዘው ተዘርግቶ ኩባያውን ተቀበለ። ባዶ ኩባያ እኮ ነው። በራሴ ተናደድኩ፤ ደግሞም ገረመኝ። ምን ተሰማሽ፣ የትኛው ቦታሽ ላይ ብላ ጠየቀችኝ። ጉሮሮዬ ላይ ፍርሃት አለ አልኳት፤ ሳወራው ነው እኔም የሰማሁት። የፈራሁት ግን መጠጡን ሳይሆን ቅያሜውን ነበር።

ከዚያ ወደ አያ ዞራ፣ እርስዎስ ሲለምኗት ምን ተሰማዎት አለቻቸው። አያ ጣራ ጣራውን አዩ። እሱን አስቤው አላውቅም አሉ። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሱቅ የመጣውን ሁሉ፣ እንግዳን ጠጣ እያላችሁ ስታስጨንቁ ምን ይሰማችኋል እያልኩ መጠየቅ ያዝኩ። አንዷ ወግ ነው አለችኝ። ሌላዋ ቋጣሪ እንዳልባል ነው ብላ ሳቀች። ልጄ ደንበኛ ልታባርሪ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ግድ አልሰጠኝም፤ መልሱን ሳላገኝ መተኛት አልቻልኩም።

የአረፋ ለት ቆላ ድባ ስደርስ የሜዳው ሙቀት ጉሮሮዬን አድርቆታል። እትዬ ብርዙን በትልቁ ብርጭቆ ሞልታ መጣች። እጅሽ ይባረክ፣ ዛሬ ግን አልችልም አልኳት፤ የተለማመድኩት ይኼን ነበር። በሞቴ አለች፣ እንዳልሰማ ሰው። ደገምኩላት።

«ምነው፣ የእኔን እጅ ጠላሽው?» አለች፤ ፊቷ ጠቆረ።

ያ ፍርሃት ጉሮሮዬ ላይ መጣ። አሁን ግን ስለማውቀው እጄን ጭኔ ላይ ይዤ አቆየሁት። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ጠጪ ስትይኝ አንቺ ምን ይሰማሻል?»

የምቀልድባት መስሏት አፍጥጣ አየችኝ። እንዳልሆነ ሲገባት ብርጭቆውን እንደያዘች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስትጠጪ ሳይሽ ያልታመምሽ ይመስለኛል» አለች። «እምቢ ስትይኝ ልትሞችብኝ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ለዚህኛው አልተለማመድኩም። አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና ምን ያህል እንደሚፈቀድልኝ ጠየቀችኝ። ጣቴን ከብርጭቆው ግርጌ ትንሽ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። እትዬ ብርጭቆውን አንስታ፣ ጣቴ ያለበት እስኪደርስ ራሷ ጠጣችውና የቀረውን ሰጠችኝ።