ሃያ አራት ገጽ፣ ሃያ አራት ፎቶ

ሰው ቤት ተጋብዤ ሰላጣ ሲቀርብ፣ የአቼቶው ሽታ ገና ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ እጄ ከማዕዱ ላይ ይቆማል። ሌላው ሰው የሚሸተው ምግብ ነው፤ እኔን የሚሸተኝ ጨለማ ክፍል ነው። ፎቶ በምናጥብበት ጊዜ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ሳህን አውጥተን የምንነክርበት ሁለተኛው ውሃ ልክ እንደ አቼቶ ይኮመጥጥ ነበር። ሽታው ጣቴ ላይ፣ ጠጉሬ ላይ፣ የነጠላዬ ጥለት ላይ ሳይቀር ያድራል። እናቴ «ይህችን ልጅ ማን ያገባታል? ሰላጣ ሰላጣ ስትሸት እኮ ነው የምትውል!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሙያውን ማን እንዳስተማረኝ ጠይቀኸኝ አልነበር? እንግዲህ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ከደሴ ተቀይሮ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ይሠራ ነበር። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ አንድ ቀን ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ዘንባባ ከተተከለበት መንገድ ዳር ካለው ፎቶ ቤት ገባ። ሲመለስ «እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈልጋሉ፤ አንቺን ነገርኋቸው» አለኝ። በማግሥቱ ሄድሁ። ባለቤቱን ያን ቀን «ጋሼ» አልኋቸው፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ሌላ ስም የለኝም ለእሳቸው።

ጋሼ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ የጎንደር ሰው ነበሩ። አንድ ዓመት ሙሉ ካሜራ አላስነኩኝም። ሥራዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ በታጠበው ፊልም፣ በነጋቲቩ ላይ ያለውን ነጠብጣብ መሙላት ነበር፤ የሰው ብጉር በእኔ እርሳስ ይጠፋል። አንድ ቀን የአንድ ሾፌር ግንባር ላይ ያለውን ጠባሳ አጥፍቼ ኩራት ኩራት እያለኝ አሳየኋቸው። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩትና መለሱልኝ።

«ብጉሩን አጥፊ፤ ብጉር አላፊ ነው። ጠባሳው ግን የሰውየው ነው። ምን አግብቶሽ ትወስጅበታለሽ?»

እንዲያ ነበር ትምህርቱ። ለመታወቂያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ካሜራው ፊት ሲቀመጥ ጥፋቱን የሚጠየቅ ይመስል ይደርቅ ነበር። ጋሼ ትከሻውን በሁለት ጣት ነካ ያደርጉትና «ጓድ፣ ይልቀቁት፤ እዚህ ስብሰባ የለም» ይሉታል። ሰውየው ሳቅ ሊመጣበት ሲል፣ ሳይስቅ በፊት፣ ቀጭ! ያቺን ቅጽበት ጠብቆ መያዝን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ነገር ልብ አልሁ። ካሜራችን ከላይ ወደ ታች መስታወቱ ላይ እያዩ የሚያነሱባት፣ ባለ ሁለት ዓይን የምትባለዋ ነበረች። ጋሼ ደንበኛውን አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ «ነይ እስኪ፣ አንቺ አጥሪው፤ እጄ ቅባት ነክቶታል» ይሉኛል። እኔ ጎንበስ ብዬ ፊቱ ጥርት እስኪል ቀለበቱን አዞራለሁ፤ እሳቸው ያነሳሉ። አንድ ቀን ቅባት ነው፤ ሌላ ቀን አቧራ ገብቶባቸው ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ነጭ ሞራ እንደ ጭጋግ ሲወርድ አይቻለሁ። እሳቸውም እንዳየሁ ያውቃሉ። አንዳችንም አላነሳነውም።

በዚህ መካከል አንድ መነኩሴ ከሐይቁ ማዶ መጡ። ከደሴት ገዳም ከአበምኔቱ ተልከው ነው። ከገዳሙ የብራና መጻሕፍት አንዱ እርጥበት እየበላው፣ የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ገጾች ሊጠፉ ደርሰዋል። ከተማ ያሉ አንድ ሽማግሌ ቁም ጸሐፊ በአዲስ ብራና ሊገለብጡት ተስማምተዋል፤ ግን እግራቸው አይራመድም፣ ውሃ ላይ መውጣትም አይሆንላቸውም። መጽሐፉ ደግሞ ከደሴቱ እንዳይወጣ ግዝት አለበት። ያለው መላ ገጾቹን ፎቶ አንስቶ ማምጣት ብቻ ነበር።

ጋሼ ደስ አላቸው። ካሜራ ይዞ ሐይቅ ላይ መውጣት በዚያን ጊዜ ያስጠይቅ ስለነበር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፤ በሞተር ጀልባ ሄድን። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ ሴት እስከ ወደቡ ትደርሳለች እንጂ ከዚያ አታልፍም። እኔ ወደቡ ላይ ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ። ጋሼ ካሜራውን በትከሻቸው አንግተው በድንጋዩ መንገድ ወደ ላይ ሲወጡ፣ እግራቸው ድንጋዩን እየዳበሰ ሲረግጥ ከኋላ አየኋቸው። ልቤ ያን ጊዜ ፈራ። ሲመለሱ ግን «ሰምሯል» አሉኝ።

በማግሥቱ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ያነሱባቸውን ሁለት ፊልሞች አጠብሁ። ወደ መብራቱ ሳነሳው ፊደሉ ሁሉ ውሃ እንደ ነካው ቀለም ደብዝዟል። አንዱም አይነበብም። ጋሼ ከበሩ ውጭ ቆመዋል።

«እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ አልጠራም።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ፊታቸውን ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ «ፊልሙ ጊዜው ያለፈበት ሳይሆን አይቀርም» አልኋቸው። ያን ጊዜ ጊዜው ያለፈበት ፊልም ብርቅ አልነበረም፤ ቢሉት ማንም ያምናቸዋል። እርጥቡን ፊልም ከእጄ ተቀብለው በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት።

«ፊልሙ ደህና ነው» አሉ። «ዓይኔ ነው።»

የቀሩን ሁለት ፊልሞች ብቻ ነበሩ። አንዱ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ነው የሚያነሳው፤ ሁለቱ ሃያ አራት። ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ዛሬ የእህቴ ልጅ አንድ ድመት ለማንሳት ስልኩን መቶ ጊዜ ሲነካ ሳየው ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ፈገግ እላለሁ።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። አበምኔቱ መጽሐፉን ከሚጠብቁት መነኩሴ ጋር እስከ ወደቡ ወርደው ተቀበሉን። ጋሼ መስቀል ተሳልመው ቀና አሉና ሳያቅማሙ ተናገሩ።

«አባታችን፣ ፎቶው ተበላሽቷል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን ሞራ ይዞታል፤ ለሰው ሳልናገር ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ። የምታይልኝ ይህች ልጅ ናት። ከተነሳም የምታነሳው እሷ ነች።»

እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። አበምኔቱ ግን ረጋ ብለው አዩኝ።

«ትችይዋለሽ ልጄ?»

በእኛ ቤት «እችላለሁ» ማለት እንደ ጉራ ይቆጠር ነበር፤ ብሞክር እላለሁ እንጂ እችላለሁ ብዬ አላውቅም። ወደ ጋሼ ዞርሁ፤ እንዳልሰማ ሰው ሐይቁን ያያሉ።

«እችላለሁ፣ አባታችን» አልሁ።

የመጽሐፉ ጠባቂ ደነገጡ። «እሷ አትገባ፤ መጽሐፉ አይወጣ፤ ግዝት አለበት! እንዴት ሊሆን ነው?»

አበምኔቱ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «ግዝቱ ከደሴቱ አይውጣ ነው የሚለው» አሉ። «ከዕቃ ቤት አይውጣ ያለ የለም። ወደቡም ደሴቱ ነው። አምጡት።»

በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። አትሮንሱን ዋርካው ሥር አቁመው መጽሐፉን ሲዘረጉት የቆዳ፣ የጧፍና የጭስ ሽታ ወጣ። ቀለበቱን ይዤ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ስል ችግሩ ታየኝ። ፀሐይዋ በቅጠሉ መካከል እየሾለከች ብራናው ላይ እንደ ብር ታንጸባርቃለች፤ ካበራው ፊደሉ ይጠፋል፣ ከጨለመበት ቀለሙ ይጠፋል። ጥቂት አሰብሁ። ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁና ሁለቱን ጫፎች ቅርንጫፍ ላይ አሰርሁ። ብርሃኑ በነጠላው ውስጥ ተጣርቶ እንደ ወተት ብራናው ላይ ፈሰሰ። ሁለቱን የቀሩትን ጫፎች ግን የሚይዝ ያስፈልግ ነበር።

«ስጭኝ» አሉ ጋሼ። ያስተማሩኝ ሰው ክንዳቸውን ዘርግተው ነጠላዬን ያዙልኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ… ዝቅ… እንዲያ ይቁሙልኝ።» የገዛ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

«ታዘዝሁ» አሉኝ፤ ሳቅ ነበረበት።

አንድ ገጽ፣ አንድ ፎቶ፤ መድገም የለም። መነኩሴው ገጹን ይገልጣሉ፣ ጠርዙን በጣታቸው ይጫኑታል፣ እኔ አጠራለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ቀጭ። ወደ ሃያኛው ገጽ ስንደርስ የቀትሩ ነፋስ መጣ። በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል መወዛወዝ፣ ውሃው ድንጋዩን መምታት ጀመረ። ብራናው ይርገበገባል። ባለ ጀልባው ከታች «ሞገዱ ሳይበረታ እንሂድ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። እኔ በሁለት ነፋስ መካከል ያለችውን ዝምታ እጠብቃለሁ። የጋሼ ክንድ ሲንቀጠቀጥ ነጠላው ላይ ታየኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ።»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሃያ አራተኛውን ካነሳሁ በኋላ ነው ክንዳቸውን ያወረዱት።

ከተማ ተመልሰን ፊልሙን አጠብሁ። ወደ መብራቱ አነሳሁት። ፊደሎቹ እንደ ተደረደረ ነጭ ዘር፣ አንድ ባንድ ይቆጠሩ ነበር።

«ጋሼ! ጠርቷል!»

«የትኛው?»

«ሁሉም!»

ከበሩ ውጭ «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ወንበር ላይ ዘፍ ሲሉ።

ፎቶዎቹን ወደ ጸሐፊው ቤት ይዘናቸው ሄድን። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡና ጣታቸውን እያስከተሉ ግዕዙን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ጋሼ ግድግዳ ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ሌላ ማያ አልነበራቸውም። ንባቡ እንደ ወራጅ ውሃ ይሄዳል፤ በየገጹ የጋሼ ትከሻ እየላላ ሲመጣ ይታየኛል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ንባቡ ቆመ። ሽማግሌው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ፤ እንደገና አስጠጉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ነፋሱ ነው አልሁ በልቤ፤ አንዷ አመለጠችኝ።

«ከዚህ ቃል ሥር ሌላ ቃል አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ጸሐፊው ተሳስቶ በካራ ፍቆ በላዩ ጽፎበታል። የተፋቀው እንኳ ወጥቷል እኮ! በወጣትነቴ ደሴቱ ላይ መጽሐፉን በእጄ ይዤው ሳለሁ እንኳ ይህን አላየሁትም።» ከዚያ ቀና ብለው «ማነው ያነሳው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሷ» አሉ ጋሼ።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። በሕይወቴ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ የምስክር ወረቀትም ግድግዳዬ ላይ አለ። እንደዚያች አንዲት ቃል ግን ደረቴን የሞላው የለም። ወደ ቤት ስመለስ በሐይቁ ዳር ዞሬ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ምክንያት አልፈጠሩም። ሰው ሲመጣ «የምታነሳዎት እሷ ናት» ይላሉ። ሴት ናት ብሎ የሚያመነታ አይጠፋም ነበር። ለእሱ «እንግዲያው እኔ ላንሳዎት፤ ግን አላይም» ይሉታል፤ ሰውየው ደንግጦ እኔ ፊት ይቀመጣል። የከተማው ሰው ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለክርስትና እኔን በስሜ መጥራት ጀመረ።

ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ቀን ቀን በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጡ ነበር። ያጠብሁትን ፎቶ ሁሉ ይዤ እወጣና አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

«ምን ይታያል?» ይሉኛል።

«ሙሽሮች ናቸው፣ ጋሼ። ሴቷ ካሜራውን ታያለች።»

«ወንዱስ?»

«ወንዱ እሷን ያያል።»

«ጥሩ ነው። ያን ፎቶ አሳድጊው።»

የእሳቸውንም ፎቶ አንድ ከሰዓት በኋላ አንስቻቸዋለሁ፤ እዚያው በሩ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ስለሌላው ሰው ፎቶ ሁሉ የሚጠይቁኝ ሰው ስለዚህኛው ግን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። እኔም ሳይጠይቁኝ መናገሩ ድፍረት መስሎኝ ተውሁት።

ያረፉት ክረምቱ ወጣ ሲል ነው። ያ ፎቶ ጎልቶ፣ በመስታወት ገብቶ ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። ለቀስተኛው እያየው «ቁርጥ እሳቸውን! አሁን የሚናገሩ አይመስሉም?» እያለ ያለቅሳል። እኔ ሰዉ እስኪቀንስ ጠብቄ ወደ ፎቶው ቀረብሁ። ምን ይታያል የሚለኝ አልነበረም። ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋቸው።

«ብርሃኑ ከግራ ነው፣ ጋሼ። ትከሻዎን ለቀውታል። ሊስቁ ሲሉ ነው ያነሳሁዎት። ጥርት ብሎ ወጥቷል።»