በልጄ ስም የማልኩት መሐላ

ልጄ የሰው ሕይወት እየመረመረች መጽሐፍ ትጽፋለች። ያውም ግማሹ ሰው ወልይ፣ ግማሹ ሸይጣን የሚላቸውን ሼኾችና ፖለቲከኞች መርጣ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ መጽሐፎቿን አንብቤ አልጨርስም። ያመጡብንን መዘዝ ግን አውቃለሁ። በመጀመሪያው፣ ዳሚ በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ቤት አስለቀቁን። በሁለተኛው፣ እዚህ ድንበር ማዶ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ሻይ ከምሸጥበት ደጅ ደንበኛ ራቀ።

ሦስተኛው ፖለቲካ ውስጥ ስለገቡ አንድ ሟች ሼኽ ነው። ተቃዋሚዎቻቸውን ያሳስሩ እንደነበር የነገረቻት የገዛ ሚስታቸው ናት። ልጄም የተናገረችውን መልሳ አንብባላት አውራ ጣቷን አስፈርማለች። መልሳ ሳታነብ የማንንም ቃል አትጽፍም፤ በዚህ ትኮራለች።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ልጄ በሌለችበት፣ የሼኹ ልጅ መጽሐፉን ሊያስቀር ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። እዚህ አገር የተበደለ ሰው ክሱን ይዞ የሚሄደው ወደ በዳዩ ጎሳ ሽማግሌዎች ነው።

“ሽማግሌዎቻችሁ እነማን ናቸው?” አለኝ አንደኛው።

“የሉንም። ከኢትዮጵያ የመጣን ነን።”

“ልጅሽ አንድ ነገር ብትሆን ደሟን የሚጠይቅ የለም ማለት ነዋ” አለ የሼኹ ልጅ።

ቁርአኑን አወረድኩና በልጄ ስም ማልኩ። አትጽፍም፣ ወላሂ አትጽፍም አልኩ። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ስትመጣ ነገርኳት።

“በእኔ አፍ ማልሽ?”

“ሬሳሽን ከማየው ብዬ።”

“የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ እጽፋለሁ።”

“ጻፊ። ሲገድሉሽ ያንቺን ታሪክ ማን እንደሚጽፈው አያለሁ።”

ሳምንት ተኮራርፈን ከረምን። እንደማትተወው ገባኝ። መሐላ ያፈረሰ፣ አሥር ድሃ ማብላት ካልቻለ፣ ሦስት ቀን ይጾማል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ቀድሜ ልገላገለው ብዬ ጾም ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሳልበላ ስታየኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በንቀት ሳቀች።

“እማ፣ መሐላው ሳይፈርስ የተጾመ አይቆጠርም። ኡስታዝ ጠይቂ።”

“እንግዲያው አታፍርሺው።”

ወረቀቶቿን ቦርሳ ውስጥ ትከት ነበር። ዞር ብላም አላየችኝ።

“ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ጾምሽን ጀምሪ።”

ውሃ ቀድቼ ፊቷ ጠጣሁና ጾሜን አፈረስኩ። ስትወጣም፣ እንዳትመለስ በሩን ከኋላዋ ቆለፍኩት። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቢመጡ፣ ልጄ እዚህ አትኖርም እላቸዋለሁ።