አቧራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው

ሻዒብን ብድግ የሚያደርገው የሰው ጥሪ አልነበረም፤ አቧራ ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ መንገዱ በሚጠመዘዝበት ላይ ትንሽ ጭስ የመሰለ አቧራ ከታየ፣ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ ሽቅብ ወደ ዝግባው ጫካ ነው። እንዲህ ሆኖ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረ።

የሚኖረው በከታማ ተራሮች፣ ጣሪያዋ ከደመና በታች ሳይሆን ከደመና ጋር በሆነ መንደር ነው። አባቱ ኪፍ የሚባለውን የሐሺሽ ተክል ይዘራ ነበር፤ አያቱም እሱም እንዲሁ። በዚያ ዘቅዛቃ መሬት፣ በዚያ ብርድ፣ ሌላው አዝመራ ሁሉ ሲያኮርፍ ኪፍ ብቻ ይስቃል። ሕጉ ግን ይከለክላል፤ አንድ ስሙን የደበቀ ጠቋሚ ለፖሊስ ጽፎ ሰጠውና፣ ሻዒብ በአርባ ሁለት ዓመቱ የእስር ማዘዣ የወጣበት ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚነሳ አቧራ ሁሉ የፖሊስ መኪና መሰለው፤ ከተማም አልወረደም። መታወቂያው አርጅቶ ቀኑ አለፈ። ልጁ ራሕማ ቴቱዋን ከተማ ስትዳር የሰርጓን ዘፈን በስልክ ሰማ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከዝግባው ሥር ቆሞ፣ ብቻውን አጨበጨበ።

ሚስቱ ሚሙንት ግጥም ታውቃለች። በዚያ አገር ሴቶች ሰርግ ላይም አጨዳ ላይም ሁለት ሁለት መስመር እየጣሉ ይሰዳደባሉ፣ ይወዳደሳሉ፤ እሷን የሚረታት ግን አልተገኘም። ባሏ ጫካ በገባ ቁጥር ማሳው መሃል ቆማ ድምጿን ትለቅበታለች፦

ሴት ሁሉ ባሏን ከማጀት ስትጣራ፣
የኔ መልስ ይሰጣል ከዝግባ ተራራ።

ላይ ያለው ሻዒብ ይሰማል፤ ይስቃል፤ አንዳንዴም እንባው ይመጣል።

ኋላ ምሕረት ታወጀ። ኪፍ በመዝራት የተፈለገ ሁሉ ነጻ ነው፣ ከእንግዲህም በፈቃድ መዝራት ይቻላል ተባለ። ሻዒብ ከተማ ወርዶ ለመታወቂያ ፎቶ ሲነሳ ጥርሱ ሁሉ ታየ፤ ፎቶ አንሺው «አባቴ፣ አይሳቁ እንጂ» እያለ ሦስት ጊዜ ደግሞ አነሳው። በማግስቱ በማኅበር ተደራጅቶ የፈቃድ ማመልከቻ አስገባ። በጸደይም ከማኅበሩ የተሰጠውን ዘር ዘራ፤ የሚያሰክረው ነገር ጥቂት፣ ካናቢዲዮል የሚሉት ደግሞ ብዙ የሆነበትን።

ጎረቤቱ ቡጅመዓ ሳቀበት። «የማያሰክር ኪፍ? ስኳር የሌለው ሻይ በለኛ!»

«አንተ ምን አገባህ? ሐኪም ቤት የሚጠጣው ሻይ ነው» አለው ሻዒብ።

አዝመራው አማረ። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ገበሬ ማሳ ከመታጨዱ በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ ለምርመራ አበባ መቁረጥ፣ ባለ ፈቃዱም አጠገቡ ቆሞ መፈረም አለበት። ተቆጣጣሪዋ ነዝሃ የምትባል የግብርና ባለሙያ ናት። መጀመሪያ በመጣች ቀን አቧራ ተነሳ፤ ሻዒብም የለም።

«ገበያ ሄዷል» አለች ሚሙንት፤ ዓይኗ ግን ወደ ጫካው ነበር።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሻዒብ እንደማይሸሽ በአላህ ስም ማለ። ሚሙንት ግን መሐላውን አላመነችም፤ ጫማውን ገብስ ጎታ ውስጥ ደበቀች። አቧራው ሲነሳ በባዶ እግሩ ሮጠ። ነዝሃ ከመኪናዋ ሳትወርድ ጀርባውን አየችው። ሚሙንት አፈረች፤ አፍራም ገጠመች፦

ምሕረቱ መጣ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ፣
እግሩ ግን አልሰማም፣ አሁንም ሲሮጥ አየሁ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ባለ ፈቃዱ ለሦስተኛ ጊዜ ካልተገኘ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የቆመው ሰብልም ይነቀላል። የሚቀጥለው ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው።

ሻዒብ ደብዳቤውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ አልፈራም ሚሙንት። ሰዎቹ ምንም እንደማያደርጉኝ አውቃለሁ። ልቤ ያውቃል።»

«ታዲያ?»

«እግሬ ነዋ! እግሬን ማን ይንገረው?»

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አበቦቹ ከደረቱ በላይ ቆመው ሽታቸው ሸለቆውን ሞልቶታል። ሚሙንት ገመድ ይዛ መጣች።

«ላስርህ እንዴ?»

«እንደ ፍየል?»

«ፍየልማ ትታመናለች።»

ገና እየሳቁ ሳለ ከማዶ አቧራ ቦነነ። የሻዒብ ፊት ተለወጠ። ተረከዙ ከመሬት ተነሳ። በሁለት እጁ ድንጋዩን ጨበጠ፤ ድንጋዩ ግን አልያዘውም።

«ሚሙንት፣ መሄዴ ነው!»

«እንግዲያው ሂድ!» ብላ ጮኸችበት። «እግርህ አልቀመጥ ካለ ይሩጥ! ግን ቁልቁል ሩጥ፣ አንተ የራሕማ አባት! ቁልቁል!»

ሻዒብ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ዝግባውን አየ። ከዚያ ዞረና ሮጠ። በማሳው መሃል፣ እርከን እየዘለለ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ በቀጥታ ወደ አቧራው። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘና መስኮቱን ዘጋ። ሻዒብ የመኪናውን አፍንጫ በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ፤ ትንፋሹ አልደርስ አለው።

ነዝሃ ወረደች። «ምነው አጎቴ? ሰው ሞተ?»

«እኔ ነኝ! ሻዒብ ነኝ። አለሁ!»

«ፊትዎ እንዲህ ነው ለካ!» አለች። «እኛ እኮ የምናውቀው ጀርባዎን ነው።»

ሻዒብ ሳቀ፤ የመታወቂያውን ሳቅ። ሹፌሩ ግን መስኮቱን የከፈተው ማሳው ከደረሱ በኋላ ነው።

ነዝሃ ከየእርከኑ የአበባ ጫፍ ቆርጣ በከረጢት አደረገች፤ ሻዒብም አጠገቧ ቆሞ ፈረመ። ግን ፊቷ ትንሽ ከበደ። «ዘግይተናል አጎቴ። አበባው ከሚገባው በላይ በቆየ ቁጥር የሚያሰክረውም ነገር አብሮ ይጨምራል። ዘሩ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ሽሽቶችዎ ናቸው የሚያሳስቡኝ። በዚህ ፈቃድ የሚያሰክረው ከመቶ አንድ ካለፈ ሰብሉ ይነቀላል።»

ሻዒብ አንዲት አበባ ዝቅ አድርጎ አያት። ከዚያ እንደ ተማሪ ጠየቀ። «እስቲ ልጄ፣ ይሄ የማያሰክረው ምን ይሠራል? ዕድሜዬን ሙሉ አበቀልኩት፤ አላውቀውም።»

«በአንድ ግንድ ላይ እንዳደጉ ሁለት ወንድማማቾች ያስቧቸው» አለች። «አንዱ ራስ ላይ ይወጣል፣ ያስክራል። ካናቢዲዮል ግን ራስ ላይ አይወጣም። አንዳንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች ሐኪሞች እያዘዙት መንቀጥቀጡን አብርዶላቸዋል፤ ይሄ የተረጋገጠ ነው። ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ፣ ለሕመም ይረዳል የሚሉም አሉ፤ ያ ገና እየተጠና ነው። ‹ሁሉን ይፈውሳል› የሚል ሻጭ ካገኙ አይመኑት።»

ሚሙንት ጉልበቷን እያሸች ጠጋ አለች። «ለዚህስ? ዘይቱን በጠብታ ብወስደው?»

«የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

«ለልቤ ብለው ደም የሚያቀጥን ክኒን ሰጥተውኛል።»

«እንግዲያው ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንዳይነኩት እናቴ። ይሄ ነገር የዚያን ክኒን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ መድማት ያመጣል። ድካምና ተቅማጥም ሊያመጣ ይችላል፣ ከበዛም ጉበት ይነካል። ተፈቀደ ማለት ለሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም።»

«ብራስልስ ያለችው እህቴ ደግሞ በሻንጣ ላኪልኝ ትላለች።»

«አይሞክሩት! የእኛ ሕግ ድንበር ላይ ነው የሚያበቃው። እዚያ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ልክ አለ።»

ምሳ ባቄላ ሾርባ ነበር፤ የወይራ ዘይት ከላይ ፈሰስ ብሎበት። ሹፌሩ ሦስት ጊዜ አስደገመ።

ውጤቱ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሻዒብ በእነዚያ ቀናት አበቦቹ መሃል እየተመላለሰ ይለማመጣቸው ነበር፤ እንደ ልጅ ያባብላቸዋል፣ «ቀስ በሉ፣ አትቸኩሉ» ይላቸዋል። ቡጅመዓ ሰምቶ፣ «ከሰብል ጋር ማውራት ጀመርክ? ሳታጨሰው ሰከርክ!» ሲለው እንኳ አልመለሰለትም። አንድ ዓመት ሙሉ የቆመለት ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥፋቱም የራሱ እግር ነው። እንዲህ ያለ ጸጸት ለማንም አይወራም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀትር ጸሎት በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ።

«አጎቴ ሻዒብ፣ ተቀምጠዋል?»

«ቆሜያለሁ ልጄ። አልሸሽም፣ ንገሪኝ።»

«ከመቶ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። አንድ ሊሞላ ፀጉር ነው የቀረው። አልፈዋል፤ ዛሬውኑ ይጨዱ፣ አንድ ሳምንት አይጨምሩ።»

ሻዒብ ስልኩን ለሚሙንት አቀበላትና ማጭዱን ፍለጋ ሄደ። እሷም ለነዝሃ ምርቃት አወረደች፤ ጤና፣ ዕድሜ፣ ጥሩ ባል፣ ከሁሉም በላይ የማይሮጥ ባል።

ድሮ የሚያጭደው በችኮላ ነበር፤ ከጫካው ጠርዝ ጀምሮ፣ አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ ጥሎ። ያን ዕለት ግን ማጭዱን ይዞ ታች ወረደና ከመንገዱ ዳር ካለው እርከን ጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያቦነነ አለፈ፤ የሻዒብ ተረከዝ ብድግ አለ፣ ከዚያም ተመልሶ አረፈ። የመጀመሪያውን ነዶ አስሮ ለሚሙንት አሸከማት። እሷም ተሸክማ ስትወጣ አዲስ ግጥም ጀምራ ነበር፤ ሁለተኛው መስመር ግን ገና አልመጣላትም።